በክብር እንግዶች ክርን ሥር ስለዋለው የልጆች መወዳደሪያ

ለክቡር አቶ ሴናኑ አሂያቦር
የወጣቶች የሮቦት ውድድር አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ሆ ከተማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ፣ በተለይም ወገብዎ ከቅዳሜው ረጅም መቀመጥ አገግሞ እንደሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ በዕለቱ ቢጫ ሰደርያ ለብሼ ላይ ታች ስል የዋልኩት በጎ ፈቃደኛ ዳኛ ኤሊኬም አጎርሶር ነኝ። በስም ባያስታውሱኝ ከገበያው በላይ ያለው ልብስ ስፌት ቤት የእኔ ነው፤ የባለቤትዎን የፋሲካ ቀሚስ የሰፋሁትም እኔ ነኝ። ጉዳዬን በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ ነው። ስብሰባው የሚቀጥለውን ዓመት ውድድር የሚመለከት እንደሆነ ጸሐፊዎ ነግራኛለች። የዘንድሮው ገና መልስ ሳያገኝ ለከርሞው እንዲህ መጨነቅዎ የሚያስመሰግን ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሰደርያው አመሰግናለሁ። ጎኑን ፈትቼ ካሰፋሁት በኋላ በልኬ ሆኗል። ጀርባው ላይ በትልቁ «እኔን ጠይቁኝ» ተብሎ ስለተጻፈበት ልጆቹም አምነው ጠየቁኝ። መጸዳጃ ቤቱን፣ የምሳውን ሰዓት፣ የባትሪ መሙያውን ቦታ አንድም ሳላሳስት መለስኩ። «መወዳደሪያው ጠረጴዛ የት ሄደ?» ሲሉኝ ግን ወደ እርስዎ ጣት መቀሰር ነውር መሰለኝና በአገጬ ወደ መድረኩ አመለከትኳቸው።

ሁለተኛ፣ የኮሚቴዎን ፈጣን ብልሃት ሳላደንቅ አላልፍም። በዕለቱ ላልነበሩ አንባቢዎች ላስረዳና፣ አናጢው ለውድድሩ ብሎ ዙሪያቸው ጠርዝ ያለው ሁለት ሰፋፊ ጠረጴዛዎች ሠርቶ ነበር። በላያቸው ጥቁር መንገድ የተሳለበት ነጭ ምንጣፍ በማጣበቂያ ተለጥፏል። የልጆቹ ሮቦት በጎማዋ እየሄደች ያንን ጥቁር መንገድ በዓይኗ ተከትላ ትናንሽ ጀሪካኖችን ከወንዙ ወደ መንደሩ ታደርሳለች፤ ውድድሩ ይኸው ነው። ኮሚቴዎ ደግሞ የመክፈቻ ጸሎቱን፣ የዕለቱን የመድረክ ሊቀመንበር መሾም፣ ሊቀመንበሩ ሹመቱን የሚቀበሉበትን ንግግር፣ አበባውንና የታሸገውን ውሃ ሁሉ አስታውሶ የክብር እንግዶቹን ጠረጴዛ ረስቷል። ያለ ክብር ጠረጴዛ በእኛ አገር እንኳን ውድድር የልጅ ስም ማውጣትም አይሞከርም። ስለዚህ ሁለቱ አዳዲስ ጠረጴዛዎች ተገጣጥመው ነጭ ጨርቅ ለበሱ፣ በጨርቁ ላይ ኬንቴ የተባለው የክብር ጥበባችን ተደረበ፣ በኬንቴው ላይ የእርስዎ ክርን አረፈ። ደስ የሚል እይታ ነበር።

ሦስተኛ፣ «ሮቦት ሮቦት ነው፣ መሬት ላይም ይሄዳል» ብለው በማይክሮፎን ስላበረታቱን ከልብ እናመሰግናለን። በጎ ፈቃደኞቹ ተንበርክከን ወለሉ ላይ ጥቁር ፕላስተር ለጠፍን። ያ አዳራሽ ከሰኞ እስከ ዓርብ የእጅ ኳስ ሜዳ መሆኑን ግን ሁላችንም ዘነጋነው። የመጀመሪያዋ ሮቦት ጀሪካኗን እንደታቀፈች የእኛን ፕላስተር ትታ የእጅ ኳሱን መስመር ያዘችና በአዳራሹ ጥግ በኩል ምሳ ወደሚታደልበት አመራች። ጆሎፍ ሩዝ የምትጨልፈው ወይዘሮ ጭልፋዋን ዘርግታ አስቆመቻትና «ይሄ የማነው? ተሰለፍ ብዬው እንቢ አለኝ» አለች። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም ወደ ምሳው ሄዱ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ያልሳቁት ልጆቹ ብቻ ነበሩ። ወራት ሙሉ ከትምህርት በኋላ እየቀሩ ያዘጋጇት ሮቦት ጭልፋ ሥር ስትቆም አዩ፤ አንደኛ የሚወጣው ቡድን ደግሞ ለአገር አቀፉ ውድድር ወደ ዋና ከተማው አክራ እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃሉ።

አራተኛውን እንኳ በምስጋና መልክ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ እንዲሁ ልንገርዎ።

ከአመድዞፌ ተራራ የመጡ ሦስት ሴት ልጆች ነበሩ። ሮቦታቸው መንገድ ላይ እንዳትጨፈለቅ በጨርቅ ጠቅልለው የሾርባ ድስት ውስጥ ከድነው ነበር በትሮትሮ፣ በሕዝብ ሚኒባስ፣ ያመጧት። የቡድኑ መሪ አክፔኔ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ስትናገር ዓይኗን የማትሰብር ልጅ ናት። ሮቦቶቹ ወደ ምሳው ሲነጉዱ አይታ ወደ እኔ መጣችና ለትልልቆቹ ሰዎች ማን እንደሚነግራቸው ጠየቀችኝ። እኔ የሥነ ሥርዓት ኃላፊውን ጠየቅሁ፣ እሱ ጸሐፊዎን ጠየቀ፣ ጸሐፊዎ እርስዎን አየችና ተመልሳ ተቀመጠች። የአካባቢያችን ንጉሥ ቶግቤ ድዜሉ መሐል ላይ ተቀምጠው ሳለ ከጠረጴዛው ይነሱ ብሎ የሚናገር አዋቂ በዚያ አዳራሽ አልተገኘም።

ልጅቷ ግን ደንቡን ከሁላችንም በተሻለ ታውቀው ኖሯል። ለቶግቤ በቀጥታ ቃል እንደማይነገር ታውቃለች፤ ስለዚህ ጫማዋን አውልቃ፣ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ፣ ወደ ቃል አቀባያቸው ወደ ኤፎ ግባዳጎ ቀረበች።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ለቶግቤ ይንገሩልኝ። የተደገፉበት ጠረጴዛ የእኛ መወዳደሪያ ነው። ጨርቁን ገለጥ ቢያደርጉት መንገዱ ከሥሩ ተስሏል። መሬት ላይ መንገዳችን ጠፋብን።»

ቶግቤ ከእሷ አንድ ክንድ ርቀው ስለተቀመጡ ሁሉንም ሰምተዋል። ቢሆንም ኤፎ ግባዳጎ ጎሮሮውን ጠርጎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሳምሮ ደገመላቸው። ቶግቤ የጨርቁን ጫፍ አነሱና አዩ፤ ከዚያም ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ።

«ታዲያ እስካሁን ምነው ዝም አላችሁን?» አሉ ለቃል አቀባያቸው። «የልጆች እርሻ ላይ ክርኔን ተክዬ ነው እንዴ የዋልኩት? በል፣ ወንበሬን አንሣልኝ።»

ኤፎ ግባዳጎ ይህንንም ለልጅቷ ደገመላት። ቶግቤ ከወላጆች ጋር አግዳሚ ላይ ሄደው ተቀመጡ፤ የቀሩት እንግዶችም ተከትለዋቸው ተነሡ። እርስዎ ውሃዎን እስኪጨርሱ ትንሽ ዘግይተዋል፤ ውሃ ማባከን ጥሩ ስላልሆነ አልፈርድብዎትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት በሕይወቴ ካየኋቸው ደስታዎች አንዱ ሆኖ የሚቆጠር ነው። ጨርቁ ተገፈፈ። ሮቦቶቹ መንገዳቸውን አገኙ። ወደ ምሳው የሄዱት ሁሉ እንደገና እንዲሞክሩ ተፈቀደላቸው፤ ቶግቤም ጀሪካን በደረሰ ቁጥር ያጨበጭቡ ነበር። በመጨረሻ የአመድዞፌዎቹ ተራ ደረሰ። ሮቦታቸውን ከድስቱ አውጥተው መነሻው ላይ አቆሟት፣ እኔም ሰዓቴን ይዤ እጄን ላነሣ ስል የእርስዎ ድምፅ በማይክሮፎን መጣ። የአመድዞፌ ቡድን የክብር እንግዶችን በመዳፈሩ ከውድድሩ ውጭ ሆኗል ተባለ። ቶግቤ ሌላ ጉዳይ ጠርቷቸው ገና መውጣታቸው ነበር። እንዲህ ያለ ሰዓት የሚመርጥ ሰው የእኔን ሰዓት የመያዝ ሥራ ቢረከበኝ ይሻላል እላለሁ።

ወደ እርስዎ ሮጬ ስመጣ የሰጡኝን መልስ ቃል በቃል ይዤዋለሁ፤ «ወይዘሮ ኤሊኬም፣ ሥነ ምግባር ከሮቦት ይቀድማል። ዛሬ ጠረጴዛ ያስነሣች ነገ ሰው ታስነሣለች።» እርስዎ እንዳሉት ሥነ ምግባር ይቀድማል። ለዚህም ነው ጫማዋን አውልቃ የመጣችው።

ልጆቹን መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። አክፔኔ ድስቱን ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮት ብቅ ብላ፣ እንደ ታላቅ እህቷ ጠርታኝ፣ «ዳቪ ኤሊኬም፣ ዝም ብል ኖሮ እንወዳደር ነበር አይደል?» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ጥያቄው ለእኔ ቀርቦ ነበርና መልስ ለመስጠት አፌን ከፈትኩ። ነበር ብላት ከእንግዲህ ዝም በይ ማለቴ ነው። አይደለም ብላት ውሸት ነው። መኪናው ሄደ፤ እኔም ያን ሰደርያ ለብሼ መናኸሪያው መሐል ቆሜ አለቀስኩ። በዚያ ቀን እያንዳንዱ ቡድን ጠረጴዛው ላይ ተወዳድሯል፤ ጠረጴዛውን ካስለቀቀችው በስተቀር።

እንግዲህ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። የአክራው ዝርዝር የሚዘጋው በመጪው ዓርብ ነው። ጠረጴዛዎቹ አሁንም አዳራሹ ውስጥ ናቸው፤ የሚያስነሡት እንግዳም የለም። ልጆቹን ጠርተው የተከለከሉትን አንዲት ዙር ይስጧቸው። ቢሸነፉም በሮቦታቸው ይሸነፉ። የትሮትሮውን ሒሳብ እኔ እችላለሁ፣ ሰዓቱንም እኔው እይዛለሁ፣ ያለ ክፍያ፣ እንደለመድኩት። ይህን ካልወደዱ ደግሞ ልጅቷን ራስዎ ጠርተው ለጥያቄዋ መልስ ይስጧት፤ እኔ አልቻልኩበትም።

ወንበርዎ የጸና፣ ውሃዎ የቀዘቀዘ፣ ንግግርዎም የማያልቅ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

በጎ ፈቃደኛ (ፈቃዷ ገና ያላለቀ)
ኤሊኬም አጎርሶር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት ደንቡን ጠብቄ በኤፎ ግባዳጎ በኩል ለቶግቤ አስነብቤያለሁ። ቶግቤ ስለ ቡድኑ መባረር የሰሙት ገና አሁን ሲሆን፣ ቅዳሜ ዕለት ሰው እንደተዳፈራቸውም ያወቁት ከእርስዎ ውሳኔ ነው። ማን እንደተዳፈራቸው ከአንደበትዎ ለመስማት ሐሙስ ጠዋት ግቢያቸው ይጠብቁዎታል። አክፔኔም ተጠርታለች።