«ወደድኩት» ያልኩህ ቀን

አባዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለያየን ዓመት ሞልቶ ሁለተኛው ተጀመረ። አሁንም ውጭ መኪና ሲቆም ከኤርፖርት የገባህ ይመስለኝና ብድግ እላለሁ። መቀመጥ አልቻልኩም። እንቅልፍም በዓይኔ አይዞርም።

ታክሲህን ሸጠን ትንሽ መኪና ገዛን። እማዬ መንዳት ጀመረች ብልህ ታምናለህ? አስተማሪዋ እኔ ነኝ። እዚሁ ሰፈራችን ታከር፣ ሱፐርማርኬቱ ፊት ለፊት፣ ገና ሰው ሳይበዛ፣ መሪውን አንቃ ይዛ እየተሳደበች ትዞራለች። የምሰድበው መኪናውን ነው ትላለች።

እኔ ያው ነኝ። አሥራ ሰባት ሞላኝ፤ ሰው ፊት እጄን የት እንደማደርገው አሁንም አላውቅም። አማርኛዬም አልዳነም። በለቅሶህ ላይ አንድ ሽማግሌ ጓደኛህን «እንዴት ነሽ?» ብዬ ሰላም አልኳቸው። ሰው እያለቀሰ ሳቀ።

ኤርፖርቱ አጠገብ ወዳለው ኮሌጅ ፓርክ በታክሲህ ይዘኸኝ ስትሄድ፣ ትምህርት ቤት ስለተዋወቅኩት ሰው የነገርኩህ ትዝ ይልሃል? «ወደድኩት» አልኩህ። ለብቻዬ ስንቴ ተለማምጄው ነበር! አንተ ግን በሳቅ ፈነዳህ። «ወደድኳት ነው የሚባለው፣ የኔ ፈረንጅ!» ብለህ ስሟን ጠየቅከኝ። እኔ መስኮት ከፈትኩ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ አማርኛ ሳልሳሳት ብናገር እሱኑ አረምከው። ዛሬ እነግርሃለሁ፣ ነገ እነግርሃለሁ ስል ልብህ ድንገት ቆመች። ብታውቅ ትጠላኝ ነበር? ማንን ልጠይቅ?

እማዬም እንዲሁ ሳታውቀኝ እንዳታመልጠኝ ፈራሁ። ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ መኪናውን ፓርክ እንዳደረገች ነገርኳት። «የምወደው ልጅ አለ። ወንድ ነው እማዬ፤ አማርኛው አይደለም የተሳሳተው» አልኳት። ሞተሩን አጠፋች። በሩን ከፍቼ እስከ ሎረንስቪል ድረስ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ ልሄድ ቃጣኝ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ስታለቅስ ቆየችና፣ ሳታየኝ፣ «ሥጋ ይበላል?» አለች።

«ትበላለች» አላለችም አባዬ። «ይበላል» ነው ያለችው፤ በደንብ ሰምቻታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ ቃል አልተነፈሰችም። ተቀብላኝ ይሁን ቸግሯት አላውቅም። ዛሬ እሑድ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ድስት እያንኳኳች ነው፣ እኔ ደግሞ ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት እመላለሳለሁ። ጥያቄዋን እንደ ግብዣ ቆጥሬ፣ ለእሷም ነግሬ ልጁን ጠርቼዋለሁ፤ ለምሳ ይመጣል።

አልረሳህም። ስለ አንተ እነግረዋለሁ፤ እንዴት እንደሳቅክብኝ ሳይቀር፣ እማዬ እየሰማች። እሷ አጠገብ ይቀመጣል። ያንተ ወንበር ላይ ግን አላስቀምጠውም፤ ያንን ገና አልቻልኩም።

ልጅህ