የመካከለኛነት ማዕረጌን ስለ መመለስ

ለተከበሩ የከተሞች የቤተሰብ ገቢ ንጽጽር ጥናት ኃላፊ፤
በተቀመጡበት ወንበር።

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው እላለሁ። የአገሩ ሰው ጤና ሁሉ ከደካማው እስከ ብርቱው በሰልፍ ቢቆም፣ የእርስዎ ጤና ከመሃሉ ብዙ ከፍ ብሎ እንዲገኝ፣ የቤተሰብዎም እንዲሁ፣ የወንበርዎም እንዲሁ፣ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከመሃል ዝቅ ብሏል።

ይሄይስ እባላለሁ፤ የፍኖተ ሰላም ሰው ነኝ። ፊደል አልቆጠርሁም፣ አላፍርበትምም። የምናገረው እኔ ስሆን የሚጽፉልኝ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ናቸውና፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ጨዋ ሆኖ ያገኙትን ቃል ሁሉ የመሪጌታ፣ የሚቆረቁርዎትን ሁሉ የእኔ አድርገው ይቁጠሩልኝ። ደብዳቤው ግልጽ የሆነው አንዱ ቅጂ እዚህ፣ አንዱ ደግሞ ቡሬ ላይ በአደባባይ እንዲነበብ ነው፤ ቡሬ ለምን እንደገባችበት ሲያነቡ ይደርሱበታል።

አንደኛ፤ አምና ክረምቱ ሳይገባ ማርያማዊት የምትባል ጨዋ ጠያቂ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ልጅቷ ግቢና አረፍ በዪ ብላት ገና ብዙ ቤት ይቀረኛል ብላ፣ እበሩ ላይ እንደቆመች፣ ታብሌቷን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ዘርግታ የቤተሰቤን የዓመት ገቢ ጠየቀችኝ። ክቡር ሆይ፣ አጥሬ እንጨት ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ወልደ ዮሐንስ ገብስ ያሰጣ ነበር። ወልደ ዮሐንስ ማለት ከልጅነታችን ጀምሮ የእኔ ላም በወለደች ቁጥር የእኔማ መንታ ወልዳለች የሚል ጎረቤቴ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጆሮውን ባቆመበት ገቢዬን ዝቅ አድርጌ እንድናገር ጠብቀው ከሆነ፣ እርስዎ ጎረቤት ኖሮዎት አያውቅም። እኔማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርሁ፤ የሸጥሁትን ማር ብቻ ሳይሆን፣ ንቡ ቀፎውን ጥሎ ባይሄድ ኖሮ እሸጠው የነበረውንም ጨመርሁ። ልጅቷም ሁሉንም ጻፈች። ወልደ ዮሐንስ ተራው ሲደርስ ከእኔ አስበልጦ እንደተናገረ ሚስቱ ለሚስቴ ነግራታለች። የሰፈራችን ገቢ በዚያች ከሰዓት በኋላ ያደገውን ያህል በዕድሜዬ አድጎ አላየሁም፤ ስለዚህ ልማት መሥሪያ ቤትዎ ምስጋና ይድረሰው።

ሁለተኛ፤ ልጅቷ ልትሄድ ስትል ይህ ሁሉ ጥያቄ ለምን ይሆናል ብላት ከተሞችን ለማወዳደር ነው ብላ ዘዴውን አስረዳችኝ። የከተማውን ቤት ሁሉ ከድኻው ጀምሮ እስከ ሀብታሙ በሰልፍ እናቆማለን፤ እኩሌታው ወዲያ፣ እኩሌታው ወዲህ ሲሆን መሃል ላይ የቆመው ቤት ገቢው ስንት ነው እንላለን፤ ያንን ከሌላው ከተማ የመሃል ቤት ጋር እናስተያያለን አለችኝ። ታዲያ ሁሉን ደምራችሁ ለምን አታካፍሉትም ብላት፣ አባቴ፣ አንድ ባለፋብሪካ ቡሬ ቢገባ በማካፈሉ ሂሳብ ቡሬ በሙሉ የከበረ ይመስላል፣ የመሃሉ ሰው ግን እዚያው በቆመበት ነው አለችኝ። ይህን ነገር ወደድሁት፤ እውነትም አለበት፤ መሪጌታም ከሰሙት ስብከት ከብዙው እንደሚሻል መስክረዋል። እዚህ ላይ ብንለያይ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። እኔ ግን የእኔስ ቤት የት ላይ ቆመ ብዬ ጠየቅኋት፤ እሷም ታብሌቷን አየት አድርጋ፣ እርስዎማ አባቴ መሃል አካባቢ ነዎት አለችኝ። መሃል የምትለዋን ቃል ጆሮዬ በሁለት እጁ ተቀበላት፤ አካባቢ የምትለዋ ወልደ ዮሐንስ ሲያስል አመለጠችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ የፍኖተ ሰላም መሃል ሆንሁ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያ፣ በእድር፣ ሰው ባገኘሁበት ሁሉ እኩሌታችሁ ከእኔ በላይ፣ እኩሌታችሁ ከእኔ በታች ናችሁ እያልሁ ለየሰዉ ቦታውን ነገርሁት። ወልደ ዮሐንስ በቅናት መሃል ሰፋሪ የሚል ስም አወጣልኝ፤ አልከፋኝም፤ ሹመት የመጣለት ሰው መቼም ቅጽል ስም አይቀርለትም። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ሠንጠረዥዎ ወጣና ፍኖተ ሰላም ከቡሬ በላይ ተቀምጣ ተገኘች። የእኔን ቤት ከቡሬው መሃል ቤት ጋር አስተያይተው እኔ በልጬ ነው ብዬ ለሰፈሩ ያወጅሁት እኔው ነኝ።

ሦስተኛ፤ አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። የልጅ ልጄ ገነነ ብረት በያጅ ነው፤ በሰው ሱቅ፣ በሰው ማሽን ይሠራል። ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ መድኃኒት ቤት የምትሠራ አምለሰት የምትባል ልጅ ወደደና ሽማግሌ ላክን፤ እሺ ተባልን፤ ቀኑም ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ተቆረጠ። የቀረው የጎጆ መውጫቸው ብቻ ነበር። በእኛ አገር ሁለቱ ወገን ልጆቹን ጎጆ ሲያወጣ እኩል ይሰጣል፤ አንዱ በሬ ካለ ሌላውም በሬ ይላል። እኔ ለዚሁ ቀን ብዬ ያኖርሁት አንድ በሬ አለኝ፤ ከቡሬም አንድ ሲመጣ ሁለቱ ይሸጡና ገነነ የራሱን የብየዳ ማሽን ገዝቶ ራሱን ይችላል ብለን ነበር።

የልጅቱ አባት አቶ ስመኘው ግን ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ሲመጣ፣ በሬ የሚል ቃል ሳይወጣው ስልኩን አወጣ። ስልኩ ላይ ያለው የእርስዎ ሠንጠረዥ ነው። እናንተ ከላይ ናችሁ፣ እኛ ከታች ነን፣ የጻፈውም የተማረ ሰው ነው አለ። አንቱ ደግሞ አያ ይሄይስ፣ የከተማው መሃል እኔ ነኝ ማለትዎ ቡሬ ድረስ ተሰምቷል፤ እኩል የሚሰጠው እኩል የሆነ ሰው ነው፤ እንግዲያው ሁለቱንም በሬ እናንተ አምጡ፣ እኛ ሙክት እንነዳለን አለ። እኔ ምን ልበል? ሁለት በሬ የለኝም ብል መሃልነቴ የት ሊገባ ነው? አለኝ ብል በሬው ከየት ሊመጣ ነው? ዝም አልሁ። እኔ ዝም ስል አይቶ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ፣ ወልደ ዮሐንስ የታመምሁ መስሎት በአጥሩ ቀዳዳ ውኃ አቀበለኝ። ሽማግሌዎቹም ነገሩን ሳይቋጩ ተነሡ።

አራተኛ፤ ስሸኛቸው፣ ጠላው ሞቅ ያደረጋቸው አንዱ የቡሬ ሽማግሌ በጆሮዬ የነገሩኝን ለክብርዎ ላካፍልዎ። አቶ ስመኘው የቤቱን ገቢ ሲጠየቅ ግብር ሰብሳቢ የመጣ መስሎት፣ በሬዎቹን ወደ ወንዝ አስነዳ፤ የበርበሬውን ጆንያ የዘመድ አደራ ነው አለ፤ ላሚቱን መሸሸግ ቢያቅተው የጎረቤቴ ናት አለ። ጎረቤቱም ተራው ደርሶ ሲጠየቅ የስመኘው ናት አለ። በዚህ ምክንያት በእርስዎ ጥናት ውስጥ ቡሬ ላይ የማንም ያልሆነች አንዲት ላም ቆማ ትገኛለች። እንግዲህ ቡሬ ግብር መስሎት ሸሸገ፣ ፍኖተ ሰላም ሙገሳ መስሎት ጨመረ፤ እርስዎም በተሸሸገውና በተጋነነው መካከል ያለውን ልዩነት አንዲት ሳንቲም ሳያዛንፉ አስልተው ስላወጡት፣ የሂሳብ ችሎታዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

አምስተኛውን መሪጌታ ስድብ ነው ብለው አልጻፉልኝም።

ስድስተኛ፤ አምለሰት የተባለውን ስትሰማ አባቷን፣ ነገሩ በሠንጠረዥ ከሆነ ለሠንጠረዡ ዳሩኝ ብላ አክስቷ ቤት ገባች። ይህች ልጅ ገና ደጃችንን ሳትረግጥ የእኛ ሰው ሆናለች። አቶ ስመኘውም በልጁ ቃል ተሰብሮ ለመሪጌታ ስልክ ደወለ፤ እኔም አጠገባቸው ሆኜ ሰማሁት። በሬውስ አንድ ለአንድ ይሁን አለ፤ ግን ድኻ ተብዬ በየሰዉ ስልክ ላይ ተለጥፌ፣ እሱ እላዬ ላይ ቆሞ በየገበያው ሲያወራ ልጄን አልሰጠውም፤ መሃል አለመሆኑን በአደባባይ ይናገር፣ ያን ጊዜ አማቼ ነው አለ። ክቡር ሆይ፣ ሰውየው ተናዶ ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር። ድምፁ ግን አዝኖ ነበር። ገነነም ሰምቷል፤ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ጾሙ እየደረሰ ነው፤ ጾም ከገባ ደግሞ ሠርግ እስከ ፋሲካ የለም፤ በእኔ ዕድሜ ፋሲካን በቀጠሮ አይዙትም።

ስለዚህ የሚከተለውን ቃሌን መሪጌታ ሳያለዝቡ ይጽፉታል። እኔ ይሄይስ የፍኖተ ሰላም መሃል አይደለሁም። ማሩን ያጋነንሁት እኔ ነኝ። በሬዬ አንድ ነው፤ እሱም ቀንዱ የተሰበረ ነው። ከአቶ ስመኘው በላይ ያቆመኝ የእርስዎ ሠንጠረዥ እንጂ ኑሮዬ አይደለም፤ የሰጡኝንም መካከለኛነት ከአምና ጀምሮ በክብር ይዤው ቆይቼ፣ ምንም ሳላጎድል ለመሥሪያ ቤትዎ መልሻለሁ። ይህን የማስጽፈው እደጃፌ ተቀምጬ፣ ወልደ ዮሐንስ ከአጥሩ ወዲያ እየሰማ ነው። እንዳያመልጠው ብዬም ሁለት ጊዜ ነው የተናገርሁት።

ሠርጉ ጾሙ ሳይገባ ባለው የመጨረሻው እሑድ ማንኩሳ ላይ ይሆናል። ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲሄዱ በመንገድዎ መካከል የሚያገኟት ከተማ ናት፤ በሠንጠረዥዎ ውስጥ ስለሌለች፣ እዚያ ቆሞ ከማንም በላይ የሆነ ሰው የለም። እርስዎም የክብር እንግዳ ሆነው ተጠርተዋል። መቀመጫዎ በእኔና በአቶ ስመኘው መሃል ነው፤ ቦታውን አይስቱትም፤ አካባቢ አላልሁም፣ መሃል ነው ያልሁት።

ደግነትዎን ሳስብ የምደሰት፣ አሠራርዎን ሳስብ የምስቅ፣ ቢመጡ ሁለቱንም ፊት ለፊት የማደርግ፤ በአውራ ጣቴ ያተምሁ፣
ይሄይስ፣ የቀድሞው የፍኖተ ሰላም መሃል፣ የዛሬው የአቶ ስመኘው እኩያ።

ግልባጭ፦
ለአቶ ስመኘው፣ ቡሬ።
ለወልደ ዮሐንስ፣ ከአጥሩ ወዲያ። (ሰምቷል።)

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሚመጣው ጥናት የእኔን ገቢ ከወልደ ዮሐንስ፣ የወልደ ዮሐንስን ከእኔ ቢጠይቁ ሁለታችንም እውነቱን አሳምረን እንናገራለን፤ ጠያቂዎም ጊዜ ትቆጥባለች። ደግሞም ያቺ የማንም ያልሆነች ላም ሰሞኑን ወልዳለች ብለውኛል። አቶ ስመኘውም ጎረቤቱም ለጠያቂዎ በሰጡት ቃል ታስረው የእኔ ናት ማለት አልቻሉም፤ ላሚቱን ያለባለቤት የመዘገቧት እርስዎ ነዎትና፣ ለሠርጉ ባዶ እጅዎን ከሚመጡ ጥጃዋን ይዘውልን ይምጡ።