የልዩነት ሐሳብ

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ
እንደገና የኮሚቴው ስብሰባ። እንደገና እኔ ጸሐፊ፤ እጅ ጽሑፍሽ ያምራል እያሉ። አጀንዳው ያው ነው፦ የሰፈሩ ቦኖ ከደረቀ ወር አለፈው፣ ለሹሞቹ አቤቱታ ይግባ። አባባ በሪሁን፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ መርቀው ከፈቱ። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በኽምጣና፤ ከሰቆጣ እስከ ጽጽቃ ላለው ሰው ሁሉ የሚዳረስ ምርቃት! ካሳ ሳቁን መያዝ አቅቶት አንገቱን ደፋ። ስምንተኛ ክፍል አብረን ስንማርም እንዲሁ ነበር።

ደስ አለኝ ዛሬ። ሁሉም ተናገረ፣ ሁሉም ተደመጠ። እኔም አንድ ነገር አቀረብኩ። በድምፅ የተሸነፉ ሰዎች ሐሳባቸው እንዳይጠፋ፣ «የልዩነት ሐሳብ» ተብሎ በስማቸውና በፊርማቸው ቃ/ጉባኤው ላይ ይስፈር። አጨበጨቡልኝ። ኮራሁ፣ ምን ልደብቅህ ደብተሬ።

ጥቅምት 17፣ እሑድ
መልስ የለም። ጭራሽ አቤቱታውን ያስገቡት ሁለቱ ሰዎች ታስረው አደሩ። ካሳ ብድግ አለ። መለመን በቃን፣ ሹሞቹ ይውረዱ። እኔም ደሜ ፈልቶ ነበር። ጥያቄው ከውሃ ወደ ወንበር ሲዞር ማንም ልብ አላለም። አባባና ሌሎች ስድስት ሰዎች መጀመሪያ እንነጋገር አሉ። ተሸነፉ። የልዩነት ሐሳባቸውን አስጽፈው ፈረሙ። እኔ? ጸሐፊ ድምፅ አይሰጥም። ተመስገን አልኩ በሆዴ።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ
ሹሞቹ ከተማውን ጥለው ሄዱ። ከተማው በኮሚቴው እጅ ነው። ጭፈራ ነበር፣ ጨፈርኩ። ሊቀመንበራችን መምህሩ አሁን ት/ቤት ይከፈት ቢል፣ ለዘብተኛ ተብሎ ወረደ። ካሳ ተተካ። ምርቃት ቀረ፤ ጊዜ ይፈጃል ተባለ። ቦኖው? ጠብታ የለም። የሚጠይቅም የለም።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ
ኬላ ቆሟል። ያለ መውጫ ወረቀት ከከተማ የሚወጣ የለም። ወረቀቱን የምጽፈው እኔ፣ የሚፈርመው ካሳ። ለሰሃላ መንገደኛ፣ ለፃግብጂ መንገደኛ ስጽፍ ዋልኩ። መጨረሻ ላይ አንድ ለራሴ ጻፍኩ፤ እናቴን ልጠይቅ ብዬ። ካሳ ሳያነበው፣ ሳይፈርምበት መለሰልኝ።

መምህሩን ዛሬ ጠዋት ወሰዱት። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅሁም። ፈራሁ። ደብተሬ፣ ፈራሁ።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00
ካሳ ቢሮ ጠራኝ። በትህትና፣ እህቴ እያለ። የልዩነት ሐሳብ ያስመዘገቡትን ሁሉ ስማቸውን ለቅሜ በንጹህ ወረቀት ገልብጬ እንድሰጠው። 10 ሰዓት ላይ ቤት ድረስ መጥቶ ይወስደዋል። ሰባት ሰው፣ ከነፊርማው። ይመዝገብ ያለው ማን ነው? እኔ ብልጧ!

9፡00
ቃ/ጉባኤውን በነጠላዬ ሸፍኜ አባባ ጋ ሮጥኩ። ማር ሊቆርጡ ኩበት እያጤሱ ነበር። ነገርኳቸው። ስሜን ጻፊ አሉኝ፤ ያልኩትን ብያለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ አልክድም። አበድኩ። የእርስዎ ብቻ መሰለዎት፣ ስድስት ቤት አለ ብዬ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ ጮኼባቸው አላውቅም። የሚጤሰውን ኩበት ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ገጽ በገጽ ቀድጄ ከተትኩ። ካሳ አንዳንዱን ያስታውስ ይሆናል። ፊርማ ግን የለውም።

9፡45
ቤት ነኝ። ንጹህ ወረቀት አወጣሁ። ርዕሱን አሰመርኩበት፦ የልዩነት ሐሳብ ያላቸው። ተ.ቁ. 1 ስሜን ጻፍኩ። ፈረምኩ። ያ የሚያደንቁት ጽሑፍ የዶሮ ጭረት ሆነ። ተ.ቁ. 2 ባዶ።

ውጭ የካሳ ድምፅ። ብቻውን አይደለም።

አሁን ገና ትዝ አለኝ፤ ደብተሬ፣ አንተም ውስጥ የአባባ ስም አለ። ምድጃው ላይ ፍም አልጠፋም። ይቅር በለኝ፣ አንተንም