አባባ ከግድግዳው ላይ

ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእትዬ ዩክላን፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽ ብርዱን ቻለው ወይ? የአባባ ሳልስ ጋብ አለላቸው? የመንደሪን ልጣጭ እያፈላሽ እንደምትሰጫቸው አውቃለሁ፤ ማር ጣል አድርጊበት። እኔ ደህና ነኝ። ከደሴቱ ለቀውኝ ከባለቤቴ ልብስ ማጠቢያ ቤት ገብቻለሁ። እጄን ሳሙና ስለላጠው ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

አሁን የምነግርሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። የስደተኛ መርማሪዎቹ ከተማ እንድንገባ እስኪፈቅዱልን ደሴቱ ላይ ቆልፈውብን ሳለ፣ የሴቶቹ ክፍል ጣሪያ አፈሰሰና ወንዶች ይተኙበት ወደነበረ አዳራሽ ለጥቂት ቀን አዛወሩን። እትዬ፣ ግድግዳው ሁሉ ግጥም ነው። እንጨቱን በቢላዋ እየፈለፈሉ ጽፈውበታል። ቀለም ቢቀቡበትም ፊደሉ እንደ ጠባሳ ይታያል። ቤተ መቅደስ የገባን ይመስል ሁላችንም ድምፃችን ዝቅ አለ። ፑንግ የምትባል አስተማሪ ታነብልን ጀመር። አንዲት የሆይፒንግ አውራጃ ሴት ብቻ፣ «ቤታቸው አፋቸው ተለጉሞ፣ እዚህ ለግድግዳ ይለፈልፋሉ እንዴ!» ብላ አሳቀችን።

ከመስኮቱ ሥር ያለውን ስታነብ ግን ሳቄ ቀጥ አለ።

የዓሣ ኩሬ ሸጬ፣ ባሕር ተሻግሬ፣
ከተማው እየታየኝ፣ በር ላይ ነው ማደሬ።
ሐኪም ዓይኔን ገልብጦ፣ ታማሚ ነህ አለኝ፣
ባዶ እጄን ስመለስ፣ ሚስቴ ምን ትበለኝ?

ግርጌው ላይ፣ «ዉ፣ የሎንግታን ሰው» ይላል።

ስሙም የኛ፣ መንደሩም የኛ፣ ኩሬውም የኛ ነው፣ እትዬ። አባባ ወርቅ ተራራ የምንለው አሜሪካ ደጃፍ ደርሰው ነበር። አጎታችን ፉክ፣ «የኩሬውን ገንዘብ ሆንግ ኮንግ በቁማር በላው» እያሉ የኖሩት ሐሰት ነው። እማማ ያንን ወሬ አምነው ሞቱ። አባባ ግን ከበር መመለሱን ከቁማሩ የባሰ ውርደት ቆጥረው ሐሜቱን ዋጡት። ዳክዬ ሲነዱ እንጂ ብዕር ሲይዙ አይተናቸው የማናውቅ አባታችን! ጣቴን በፊደሉ ጎድጓዳ ሳስኬደው እጃቸውን የጨበጥኩ መሰለኝ።

ይህ ብቻ እንዳይመስልሽ። የኛ ሰው ግጥም ካነበበ በዚያው ቤት መምቻ መመለስ ልማዱ አይደል? ከሥሩ፣ በኋላ የመጡ የማያውቋቸው ሰዎች መልስ ጽፈውላቸዋል። አንዱ እንዲህ ይላል፦

እኔም ዓይኔን ታየሁ፣ እኔም ሸጥኩ በሬ፣
ቤትህ ገብተህ እንደሁ፣ ላክልኝ ወሬ።

ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ደህንነታቸውን ሲጠይቅ፣ የመለሰ የለም። የፀጉሬን ወስፌ መዘዝኩና፣ ፑንግ የማላውቀውን ፊደል እያሳየችኝ፣ እንደምንም ጫርኩ፦

አባቴ ቤት ገብተዋል፣ ይኸውላችሁ ወሬ፣
ልጃቸው ነኝ እኔ፣ ያነበብኩት ዛሬ።

የቀሩትን ሁለት መስመሮች ሳልጨርስ ወደ ክፍላችን መለሱን።

እንግዲህ እትዬ፣ ሥራው ያንቺ ነው። የአያቶቻችን መቃብር በሚጠረግበት በዓል የተጠበሰው አሳማ ለዘመዱ ሲከፋፈል፣ አጎታችን «ለቁማርተኛ ድርሻ የለም» እያሉ አባባን ማለፋቸው አይቀርም። ዘንድሮ ቢላዋው ሥጋው ላይ ሳያርፍ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢ። ሴት የአያቶች አዳራሽ አትገባም ካሉሽ ደጃፉ ላይ ቁሚ፤ ድምፅሽ እንደሆነ ወንዝ ይሻገራል።

ከዚያ አባባን ጠይቂልኝ፤ የቀሩትን ሁለት መስመሮች እሳቸው ይበሉ። የደሴቱ ወጥ ሠሪ ልብሱን እኛ ዘንድ ያሳጥባል፤ ወደዚያ አዳራሽ ለተመለሱት ወንዶች ያደርስልኛል፣ እነሱ ይቀርጹታል።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ምራትሽ በሰላም ትገላገል። የአባባን እጅ ሳሚልኝ፤ ሁለቱንም እጃቸውን። አጎታችንንም ሰላም በይልኝ፤ ሥጋው ከተከፋፈለ በኋላ።

እህትሽ ሳምዪ
ሳን ፍራንሲስኮ፣ በመጀመሪያው የጨረቃ ወር፣ 1932 እ.ኤ.አ.