የ317 ቁጥር መንገድ እና ጥቁሩ ቱቦ

ለተከበሩ የግዛታችን መንገዶች መምሪያ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደ መሥሪያ ቤትዎ ግቢ አስፋልት ያለ አንዳች ስንጥቅ እንዲዘልቅ ከልብ እመኛለሁ። በአውራጃችን የሚያልፈውን የዘጠኝ ማይል መንገድ «ተጠቃሚ የሌለው» ብለው ከግዛቱ መዝገብ ስለሰረዙልን፣ ከኅዳር ጀምሮም በረዶ የሚጠርግ መኪና እንደማይመጣ በሁለት መስመር ስላስታወቁን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. በሚያዝያ ወር መኪና የሚቆጥረውን ጥቁር የጎማ ቱቦ መንገዱ ላይ ሲያስዘረጉ፣ ምንነቱን የሚገልጽ አንዲት ወረቀት እንኳ አልለጠፉም። ምሥጢር ጠባቂነትዎን አደንቃለሁ።

2ኛ. በቆሎ በሚዘራበት ወቅት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ መኪና ያለፈው አሥራ አራት ጊዜ ብቻ መሆኑን ያዩት ባለሙያዎችዎ ምንም ግር አላላቸውም። እንዲህ ያለ የመንፈስ እርጋታ ለሁላችንም ይስጠን።

3ኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ ስጽፈውም ፊቴ በእፍረት ይቃጠላል። ቱቦው እንደተዘረጋ ወዲያው የእህል መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ ፖሊስ በፍጥነት የሚነዳን የሚይዝበት ወጥመድ ነው ብዬ ለተሰበሰበው ሁሉ ያወጅኩት እኔ ነኝ። ጎረቤቴ ዱዌይን ሆልትካምፕ «አንተ ደግሞ! ቱቦ ነው የሚከሰን?» ብሎ ሳቀብኝ። ሆኖም የብዙዎቹን ልጆች ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት አውቶቡስ ያመላለስኩ ሰው በመሆኔ፣ ሕዝቡ ያመነው እኔን ነው። ትራክተሩም፣ የወተት መኪናውም፣ ፓስተራችንም ሳይቀሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ በጠጠሩ የእርሻ መንገድ ሲዞሩ ከረሙ።

የዱዌይን ባለቤት ቬልማ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ወደ ከተማ የምትሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ዱዌይን ባለፈው እሑድ መንገዱን ራሱ ሊጠርግ አሮጌ የበረዶ መግፊያ ብረት ከትራክተሩ ጋር ሲያስር አገኘሁትና ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱም «ተወው ባክህ፣ ለእኛ አስበህ ነው» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ቱቦውን በድጋሚ እንዲያስዘረጉልን፣ እስከዚያም የበረዶ መጥረጊያውን እንዳያስቀሩብን በትሕትና እለምናለሁ።

አንገቴን ደፍቼ፣ ለመምሪያዎ የሒሳብ ችሎታ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣
ኦርቪል ስታንጌ
ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር

ማስታወሻ፦ ከአሥራ አራቱ ሁለቱ፣ ቱቦውን ሊያነሳ የመጣው የራስዎ መኪና ሲመጣና ሲመለስ ነው። የቀሩት አሥራ ሁለቱ ቬልማ ናት፤ ጠጠሩ ስለሚያንገላታት ዱዌይን «ቅጣቱ ይምጣ» ብሎ ስድስት ቀን በአስፋልቱ ወሰዳት፣ መለሳት። «ተጠቃሚ የለውም» ያላችሁት እሷን ቆጥራችሁ ነው።