ከድልድዩ ወዲህ

እህት ዓለም፣

ካርዱ ላይ የምታዪው ድልድይ ያምራል፤ እኔን የያዘኝ ግን ወዲህ ማዶ ያየሁት ነው። ዛሬ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አንድ ጎልማሳ ጫማውን ወርውሮ ከማይታይ ሰው ጋር ይጣላ ጀመር። ቁርጥ ታላቅ ወንድምሽን፣ ጋሼን። አሁን ሊያስሩት ገመድ ሊመጣ ነው ብዬ ፈራሁ።

የመጡት አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስና ሹፌሯ ናቸው። የሕክምና መኪናቸውን ካየ ይብስበታል ብለው ራቅ አድርገው አቁመው በእግራቸው መጡ። ነርሷ አጠገቡ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለችና፣ «ወንድሜ፣ ፀሐዩ አልከበደህም?» አለችው። ብዙ ቆይቶ ጫማውን ራሱ አጠለቀና አብሯት ሄደ።

ጋሼ ያኔ በገመድ ታስሮ ከጆንያ ጋር ተጭኖ መሄዱ፣ እጁ ላይም የቀረው ሰንበር ትዝ አለኝ። ያሰሩት እኮ የሚወዱት ናቸው፤ ሌላ ምን ያውቃሉ?

ከሰዓት ነርሷን መንገድ ላይ አገኘኋትና «ገጠርም ትወጣላችሁ?» አልኳት። ድልድዩን አየት አድርጋ፣ «ከዚያ ወዲያ አንሻገርም፤ መኪናዋ አንድ ናት። የኔም እናት ወዲያ ማዶ ናቸው» አለችኝ።

ቦታ አልቆብኝ ፊደሌ ጉንዳን አክሏል። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም ጉንጫቸውን። ገመዱን ከበሩ ጀርባ አንሺው። ጋሼ ሕመሙ ሲነሳበት አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ በይ። ድልድዩን ወደ እኛ የሚሻገር ነርስ የለም፤ ለእሱ ያለሽው አንቺ ነሽ።