በመንገድ የቀረው የአቶ አረጋ ይቅርታ

ለተከበሩ አቶ ምስጋኑ ተክለ ሚካኤል
የንስር ሞባይል የአካባቢያችን ቅርንጫፍ ኃላፊ
ላሊበላ

ጉዳዩ፦ ምስጋናና፣ ከምስጋናው ሥር የተገኙ ጥቂት ቅሬታዎች

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ ቀጥሎም የቢሮዎን ጄኔሬተር ጤንነት እጠይቃለሁ። እኛ በገነተ ማርያምና በዙሪያዋ የምንገኝ ደንበኞችዎ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ደህና መሆናችንን በስልክ ልንነግርዎ ብዙ ጊዜ ሞክረን ስላልሆነልን ነው ዛሬ በጽሑፍ የመጣነው።

እኔ ወንዴ ደሳለ እባላለሁ። ሥራዬ እንግዶችን ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም እያመጣሁ ቤተ ክርስቲያኗን ማስጎብኘት ነው። ምናልባት የሚያስታውሱኝ ባለፈው ጥር ባዘጋጁት የደንበኞች ስብሰባ ላይ እጁን ደጋግሞ አውጥቶ ዕድል ያላገኘው ሰውዬ በመሆኔ ይሆናል። ቅር አላለኝም፤ ጥያቄዬን ባለመጠየቄ የእርስዎን ማብራሪያ ሙሉውን ለማዳመጥ በቅቻለሁ።

ዳታ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚጓዝ ያስረዱበትን መንገድ ዛሬም አደንቃለሁ። አንድ ነጭ ወረቀት አንስተው ሰላምታ ጻፉበትና ቀዳደዱት፤ በየቁራጩ ላይ ተራ ቁጥሩንና የሚደርስበትን ሰው ስም አሰፈሩ፤ ቁራጮቹንም በየረድፉ ለተቀመጥነው ሰዎች አድለው በየአቅጣጫው አቀባብሉ አሉን፤ በመጨረሻም ከኋላ የተቀመጠችው ወይዘሪት ፅናት በቁጥራቸው ገጣጥማ አነበበችልን። ፓኬት ማለት ይኸው ቁራጭ ነው አሉን። ተራ የድምፅ ጥሪ እስኪያልቅ ድረስ የራሱ መንገድ ተይዞለት እንደሚቆይ፣ መልእክታችን፣ ፎቶአችንና ቪዲዮአችን ግን እንዲህ እየተቆራረጠ፣ ሁላችንም በምንጋራው መንገድ ላይ ክፍት ቦታ ባገኘ ቁጥር እየገባ እንደሚሄድ አስተማሩን። አንዲት ቁራጭ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከነበሩ አዛውንት ኪስ ገብታ በቀረች ጊዜ እንኳ አልደነገጡም፤ የጠፋችው በቁጥሯ ትታወቃለች፣ ላኪውም ደግሞ ይልካታል ብለው ሌላ ጻፉ። እኛም አጨበጨብን።

ይህንን ትምህርት ይዤ ወደ አገሬ ከተመለስሁ ወዲህ ያጋጠሙኝን ነገሮች፣ እርስዎን ማስቸገር ሳይሆን ትምህርቱ ምን ያህል እንደ ገባኝ ማሳየት እንዲሆንልኝ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። በስልካችን ግንባር ላይ ስለሚታዩት የኔትወርክ ዘንጎች ነው። ከመንደራችን በላይ ወዳለው አምባ ስንወጣ ዘንጎቹ ሁልጊዜ ሙሉ ናቸው፤ ሙሉ ሆነው ሳለ ግን አንዲት ፎቶ አይከፈትም። ለጽሕፈት ቤትዎ ባመለከትሁ ጊዜ፣ ዘንጎቹ የሚያሳዩት ስልኬና ታወሩ በደንብ መሰማማታቸውን ብቻ እንደሆነ፣ ታወሩ ከወዲያ ካለው ዓለም ጋር ስለ መሰማማቱ ግን ምንም እንደማይናገሩ በትሕትና ተገለጸልኝ። ስልኬና ታወሩ በፍቅር መኖራቸው ደስ አሰኝቶኛል። የእኔ ምኞት በታወሩ በኩል ከሰው ጋር መነጋገር ስለሆነ፣ ይህም ወደፊት ቢታሰብበት።

ሁለተኛ። አንዲት ታወር ለዚህ ሁሉ መንደር ትበቃለች ተብሎ ሲወሰን የሕዝባችን ቁጥብነት ታምኖበት እንደሆነ አልጠራጠርም። ሆኖም የበዓል ሰሞን ሰው ሁሉ ስልኩን ያነሣል፤ የጋራ የሆነው መንገድ ይጨናነቃል፤ ስልካችንም ኢ የምትባለውን የፈረንጅ ፊደል ግንባሩ ላይ ያወጣና ዝም ይላል። የመንደራችን ወጣቶች የእግዚኦታ ምልክት ናት ይሏታል። ጽሕፈት ቤትዎ ሌላ ትርጉም ካላት ቢያሳውቀን እናርማቸዋለን።

ሦስተኛ። ይህንን ለመጻፍ ወንበሬን ማስተካከል አስፈልጎኛልና እርስዎም እባክዎ ተመቻችተው ይቀመጡልኝ።

ጎረቤቴ አቶ አረጋ በዕድሜ የገፉ፣ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሰው ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ የመሬት ድንበር ክርክር ላይ ልጃቸው ደጀን በሽማግሎች ፊት ተነሥቶ አባቴ ይዋሻል አለ። በማግስቱ ወደ ደቡብ ሄዶ በአንድ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ያዘ፤ አባትና ልጅ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ዘንድሮ አቶ አረጋ ሕመም ቢጸናባቸው ለፋሲካ ለመቁረብ አሰቡ፤ የነፍስ አባታቸው መምሬ ወልደ ሩፋኤል ግን ከልጅዎ ሳይታረቁ አይሆንም አሏቸው። ደጀን ተጠይቆ ወዲያው እሺ አለ፤ ፋብሪካው ግን አገዳ በሚፈጭበት ወቅት ለማንም ፈቃድ አይሰጥም። በተራ ስልክ ይቅርታ ይጠይቅ ቢባል አቶ አረጋ እንቢ አሉ። እርስዎም እንደሚያውቁት በአገራችን ወግ በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በተበዳይ ፊት ጎንበስ ይላል፤ ተበዳይም ይቅር ብያለሁ ሲል ሽማግሌ ያወርድለታል፤ ድንጋይ ደግሞ በድምፅ አይታይም። ስለዚህ ነገሩ በቪዲዮ ጥሪ እንዲፈጸም ተወሰነ፤ ስልኩም የእኔ ሆነ።

በሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹ አቶ አረጋን ደግፈው አውጥተው አምባው ላይ ካለችው ወይራ ሥር ተቀመጡ። በወዲያኛው ጫፍ ደጀን በፋብሪካው ግቢ ቆሟል፤ ድንጋዩን የሚያወርድለት ኪዳን የሚባል የሥራ ባልደረባው ከጎኑ አለ። ጥሪው ገባ፤ ለዚህ አመሰግንዎታለሁ። ደጀን ድንጋዩን ተሸክሞ ጎንበስ አለ፤ ጎንበስ እንዳለም ምስሉ ቀጥ ብሎ ቀረ።

የቆመው ምስሉ መሆኑን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ሽማግሎቹ ያዩት ልጁ መቆሙን ነው። ትከሻው አልተነቃነቀም፤ ጉልበቱ አልተንቀጠቀጠም፤ ድንጋዩን እንኳ ለማመቻቸት አልሞከረም። ከልጅነቱ ጀምሮ ቁጭ ብሎ ምሳውን ጨርሶ የማያውቅ ልጅ መሆኑን ሁሉም ያውቃሉና እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔ ነገሩን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ የአቶ አረጋን እንባ ሳይ መልሼ ዘጋሁት።

«በቃው፤ አውርዱለት» አሉ አቶ አረጋ። «ይቅር ብዬዋለሁ። ልጄ ነው።»

እነዚህ ቃላት በትምህርትዎ መሠረት ተቆራርጠው፣ ቁጥርና አድራሻ ተሰጥቷቸው ተነሡ። አንዱም አልደረሰም። ጥሪውም ተቋረጠ። ኋላ እንደ ሰማሁት በደጀን ስልክ ላይ የአባቱ ምስል የቆመው ገና ግንባራቸውን ቋጥረው ሳለ ነው፤ ልጁ ያንን ግንባር እያየ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ጥሪው ሲቋረጥ አባቴ ትተውኝ ሄዱ ብሎ ድንጋዩን ራሱ አወረደና ስልኩን አጠፋው። ብንደውል ብንደውል ዝግ ነው።

በማግስቱ ላሊበላ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥቼ፣ የጠፋው ፓኬት ደግሞ ይላካል ባሉን መሠረት የአቶ አረጋ ቃል መቼ እንደሚላክ ጠየቅሁ። መስኮት ላይ ያለችው ትሑት ሠራተኛዎ፣ ያ የሚሆነው ለጽሑፍና ለተቀዳ መልእክት መሆኑን፣ በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ላይ ግን ዘግይቶ የሚደርስ ቃል ስለማይጠቅም የጠፋው እንደሚታለፍ አስረዳችኝ። ልጅቷ ያለችው እውነት ነው፤ ሥራዋንም ታውቃለች። እኔ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በጣም ተናደድሁ። ክቡርነትዎ፣ እኛ ዘንድ ዘግይቶ የሚደርስ ይቅርታ ይጠቅማል፤ የማውቀው ይቅርታ አብዛኛው ዘግይቶ የደረሰ ነው። ልጅቷን ግን አመስግኜ ወጣሁ።

አቶ አረጋ ደግሞ የባሰ ነገር አመጡ። መምሬ እርስዎ ከልብዎ ይቅር ብለዋልና መቁረብ ይችላሉ ቢሏቸው እንቢ አሉ። «ልጄ ድንጋይ ተሸክሞ እኔ አልቆርብም» አሉ። እስካሁንማ አውርዶታል ብንላቸው፣ ማን አወረደለት ብለው ጠየቁን። ከዚያ በኋላ ምግብም ቀነሱ፤ ጾም ነው ብለን ተጽናናን።

እኔም ድምፃቸውን በስልኬ ቀዳሁና ለደጀን ላክሁት፤ ስልኩን የከፈተ ቀን ይሰማዋል ብዬ ነው። ከመልእክቱ ጎን ትንሽ የሰዓት ምልክት ወጣች፤ ገና ከእኔ ዘንድ አልወጣም ማለት ነው። በየቀኑ አምባው ላይ ወጣሁ። ሰዓቷ አለች። የሰሙነ ሕማማት ሰሞን ነው፤ ከየከተማው ለበዓል የመጣው ዘመድ ሁሉ ፎቶውን ይልካል፣ ልጆቹ ቪዲዮ ያያሉ፣ መንገዱ ጢም ብሏል። ከእንግዶቼ አንዱ ሌላ አገር ስላለችው ድመቱ ሲጠይቅ ያየሁትም በዚያው ሰሞን ነው። ድመቷ ደህና ናት።

በጸሎተ ሐሙስ ይህንን የጋራ መንገድ ነገር ለመምሬ ወልደ ሩፋኤል እርስዎ ባስረዱን አኳኋን፣ ወረቀት ቀድጄ ጭምር አስረዳኋቸው። መምሬ ቁራጮቹን እያዩ ጥቂት አሰቡና፣ መንገዱ ከጠበበ ለምን ሰዉን ከመንገዱ አናስወጣም አሉኝ። በስቅለት ዕለት ሰው ለስግደት ተሰብስቦ ሳለ ከመጀመራቸው በፊት ተነሥተው፣ ዛሬ ለአረጋ ደቦ እንወጣለን፣ ደቦውም ስልክ ማጥፋት ነው ብለው አወጁ። እኛ ለአጨዳ ደቦ እንወጣለን፣ ቤት ለመሥራትም እንወጣለን፤ እንዲህ ያለ ደቦ ግን ሰምቼ አላውቅም። ከሁሉ በፊት ያጠፉት ከልጃቸው የምጥ ዜና ይጠብቁ የነበሩት ወይዘሮ ብርቄ ናቸው። ማጥፋት የማያውቁ አባቶች ባትሪውን አውጥተው ኪሳቸው ከተቱት። ወጣቶቹ ፊታቸው እንደ ጠቆረ አጠፉ። በየመንደሩም ሰው ተላከ፤ እስከ ቀትር ድረስ ከአምባው በታች ክፍት ስልክ የነበረው ሰው አልነበረም ብል ብዙ አላጋነንሁም።

እኔ በመምሬ ፈቃድ ከስግደቱ ቀርቼ ብቻዬን ወጣሁ። ስልኬን ከፈትሁ። የሰዓቷ ምልክት ጠፋች፤ መልእክቱ መውጣቱን የምታሳየው ጭረት መጣች። ገና እያየኋት ሁለተኛዋ ተጨመረች፤ ለካ ደጀን ስልኩን ከፍቶት ኖሯል፤ እሱ ዘንድ ደረሰ ማለት ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ፤ ይህንን ለመጻፍ አላፍርም።

ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጠራ፤ በተራ ጥሪ፣ ደጀን ነው። ተራ ጥሪ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ስለሚሠራ ጥቂት ቆይተህ ደውል አልሁትና ቁልቁል ሮጥሁ። አቶ አረጋ መስገድ ስላቃታቸው ከአጥሩ ውጪ ግንቡን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ስልኩን በጆሯቸው ላይ ያዝሁላቸው። ሰላምታ አልሰጡትም፤ በዚያ ዕለት ሰላምታ የለም።

«አወረድህ?» አሉት።

«አሁን አወረድሁ፣ አባዬ» አለ።

አቶ አረጋ በፋሲካ ቆረቡ። የወይዘሮ ብርቄም ልጅ ወንድ ልጅ ተገላግላለች፤ ወሬውን እሳቸው የሰሙት ግን ከሁሉ ሰው በኋላ ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ አገልግሎትዎ በትክክል እንደሚሠራ በዓይናችን ያረጋገጥን የመጀመሪያዎቹ ደንበኞችዎ እኛ ሳንሆን አንቀርም። የሚሠራው ሁላችንም መጠቀም ስናቆም ብቻ መሆኑ የእኛ ጥፋት ነው፤ ብዙ ነን፤ ዘመዶቻችንም ብዙ ናቸው። ሁለተኛ ታወር ቢተከል ወይም ያለችው ከወዲያ የምትገናኝበት መንገድ ቢሰፋ ደስታውን አንችለውም። ይህ የሚያስቸግርዎ ከሆነም አይጨነቁ፤ ማን በየትኛው ቀን ስልኩን እንደሚያጠፋ ተራ የሚያወጣ ኮሚቴ አቋቁመናል፤ ሰብሳቢው መምሬ ወልደ ሩፋኤል ሲሆኑ እርስዎን በሌሉበት የክብር አባል አድርገን መርጠንዎታል። የአባልነት ግዴታዎ የእኛን ስልክ አለማንሳት ብቻ ስለሆነ፣ ከወዲሁ በትጋት እየተወጡት ነው።

ለአምባችን ታወር ጤና፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜና ሰፊ መንገድ እየተመኘሁ፣ ከወይራዋ ሥር አንድ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ፣ ሌላውን ለሰላምታ ዝቅ አድርጌ የምቀረው፣

ታዛዥ ደንበኛዎ
ወንዴ ደሳለ
ገነተ ማርያም

ከፈረምሁ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ አቶ አረጋ ልጃቸው በሆሳዕና ዕለት ያን ሁሉ ጊዜ ሳይነቃነቅ ጎንበስ ብሎ እንደ ቆመላቸው ለመጣ ለሄደው በኩራት ይናገራሉ። የቆመው ምስሉ እንደ ነበር እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም፤ እርስዎም ማስረዳት ስለሚወዱ ወደዚህ ከመጡ ይህችን አንዷን ብቻ እባክዎ አያስረዱልኝ። ምሥጢሩን በግልጽ ደብዳቤ ማውጣቴ ግን አላሳሰበኝም፤ ላሊበላ ሄጄ ኢንተርኔት ላይ ነው የማወጣው፤ እኛ መንደር እንደማይከፈት በአገልግሎትዎ ላይ ሙሉ እምነት አለኝ።